አባትዬው አልጻፉትም!

ቢቸናም ሆነ ሞጣ «ማን ልበል?» ስንባል የራሳችንን ስም እንናገራለን። አባት የሚመጣው «የማን ልጅ?» ሲባል ነው። የሳይንስ መጽሔቶች የማጣቀሻ ደንብ ግን ይህን ይገለብጠዋል። ቢቸና አጠገብ ያለችውን ዲማን በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያስተዋወቁን ሐዲስ ዓለማየሁ በዝርዝሩ «ዓለማየሁ፣ ሐ.» ይሆናሉ። ዓለማየሁ አባት እንጂ ደራሲ አይደሉም! ወንድምና እህት ተመራማሪዎችም በአንድ ስም ይደባለቃሉ።

ሀምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ (2003–2014 እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ይደረድራል። ጀርመን ያከበረውን አንዳንድ የእኛ መጽሔቶች ለምን ይገለብጡታል? «ስልቱ ያዛል» ሰበብ ነው። ዞቴሮ እንኳ ስምን ሳይከፍል በአንድ ሳጥን ይቀበላል።

አዘጋጆች ሆይ፣ ደንቡን አስተካክሉ። የጻፈ ሰው በስሙ ይጠራ!