መምህሩን የዘለለ ታሪክ

ሙዚቀኛ ተሰጥኦውን ይዞ ይወለዳል፣ የመምህር ድርሻም ኖታ ከማስነበብ አያልፍም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ታትሟል። ጸሐፊው አንጋፋ ድምፃውያንን በማስረጃነት ሲጠሩ፣ ከኋላቸው የተጫወቱትን ባንዶች ማን እንዳስተማራቸው አልጠየቁም።

እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ኔርሴስ ደግሞ በማዘጋጃ ቤት፣ በፖሊስና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አሠልጥነዋል። የዚያ ዘመን የነሐስ መሣሪያ ድምፅ ያለ እነዚህ መምህራን አይታሰብም።

የሙላቱ አስታጥቄ ታሪክ ደግሞ ክርክሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። ወደ ዌልስ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። በሊንዲስፋርን ኮሌጅ ግን ዝንባሌያቸው ታወቀና በሙዚቃ እንዲገፉ ተበረታቱ፤ ከዚያም ለንደን፣ ቀጥሎም ቦስተን በርክሊ።

ጆሮው የራሳቸው ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ያንን ጆሮ ሰምቶ መንገዱን ያመላከተ ሰው ባይኖር ኖሮ ግን ኢትዮ ጃዝን የፈጠሩት እጆች የምሕንድስና ንድፍ ላይ በቀሩ ነበር። ጸሐፊው የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ቢቀር ጉዳት የለውም ሲሉ፣ ወላጁ ለሌላ ሙያ ያጨው ባለተሰጥኦ ልጅ በማን ዓይን እንደሚታይ ሊነግሩን ይገባል።