ጅራቱን ሳታዩ ፋይል አትላኩ!

ለዛሬ የፍቅሩን ጉዳይ ትንሽ ገፋ አድርገን ስለ እንጀራ ብናወራስ?

አንዲት የበዴሳ ልጅ ሰሞኑን ብሶቷን አጫወተችኝ። ድሬዳዋ ሥራ መውጣቱን ሰምታ ጭሮ ድረስ መጣች። ኮምፒውተር ቤት ገብታ ማመልከቻዋን በአማርኛ አስጻፈችና በኢሜይል ላከች። ቀን ቆጥራ ብትደውል «እህቴ፣ የላክሽው ነገር እኮ አይነበብም» አሏት። ማመልከቻው ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት የተደባለቀበት ጉድ ነው የወጣው! «ጭሮ ላይ ደህና ነበር!» ብትል ማን ይስማት? ምዝገባው አልፏል። የተማረችው ልጅ ፊደል እንደማታውቅ ተቆጠረች።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። የፋይል ስም መጨረሻ ላይ ነጥብ አለች፤ ከነጥቧ ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ፊደል ይመጣል። ይህች ጅራት «ኤክስቴንሽን» ትባላለች። ዶክ ወይም ዶክኤክስ ካለች የወርድ ጽሑፍ፣ ጄፒጂ ካለች ፎቶ፣ ኤምፒስሪ ካለች ዘፈን ነው። ዊንዶውስ ፋይሉን በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፍተው የሚለየው በእሷ ነው።

ታዲያ ጅራቷን መቀየር ውስጡን አይቀይርም! የማሽላ ጆንያ ላይ «የሐረር ቡና» ብላችሁ ብትጽፉ ማሽላው ተቆልቶ ይጠጣል እንዴ? የወርዱን ፋይል ስም ብቻ ለውጣችሁ ፒዲኤፍ ብትሉትም አልከፈትም ይላችኋል። በትክክል ለመቀየር ፋይሉን ከፍታችሁ «ሴቭ አዝ» በሉና ዓይነቱን ከዚያ ምረጡ።

የበዴሳዋ ልጅ ፋይል ግን ጅራቱ ደህና ነበር። ያጋለጣት ፎንቱ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች የእኛን ፊደል ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ አስቀምጠው ነው የሚሠሩት። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጭምብሉ ይወልቅና ከሥር ያለው ይወጣል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ሆኖም ያን የድሮ ፎንት እስከ ዛሬ የሚጠቀም አይጠፋም።

ምን ይሻላል? አንደኛ፣ ጸሐፊዋን «እባክሽ በዩኒኮድ ጻፊልኝ» በሏት። ሁለተኛ፣ ሲያልቅ ፒዲኤፍ አስደርጉት። አዶቤ በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ዓይነት ፎንቱን አብሮ መያዝ ስለሚችል ጭሮ ላይ ያያችሁት ድሬዳዋም ያው ሆኖ ይታያል። የወርዱን ኮፒ ግን ለማረሚያ አስቀሩ። ሦስተኛ፣ ከመላካችሁ በፊት ወደ ጓደኛችሁ ስልክ ላኩትና ከፍቶ ያንብብላችሁ። የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ናት!

የፍቅሩን ነገር ሳናነሳ አንለያይም መቼም! በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. «እወድሃለሁ» የሚል ኢሜይል ዓለምን አጥለቀለቀ። የተያያዘው ፋይል በስሙ የፍቅር ደብዳቤ ነው፤ ጅራቱም ተራ ጽሑፍ መሆኑን የሚያመለክተው ቲኤክስቲ ይመስላል። ግን ከእሷ ኋላ ቪቢኤስ የምትባል ሌላ ጅራት ነበረች፤ ዊንዶውስ ደብቋት ስለነበር ብዙ ሰው አላያትም። ደብዳቤ ብሎ የከፈተው ሁሉ ቫይረስ ታቀፈ። ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ተበከሉ።

ዛሬም ፎቶ የሚመስል ስም ይዞ መጨረሻው ኢኤክስኢ የሆነ ፋይል ከፍላሽ ካገኛችሁ ፕሮግራም ነው፤ እንዳትነኩት። ዊንዶውስ ጅራት እንዳይደብቅባችሁ «ቪው» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ።

በፍቅርም በፋይልም ስም አይታችሁ ብቻ አትመኑ። ለዚያች እህታችንም ቀጣዩ ማመልከቻዋ በፒዲኤፍ ይቅናት! ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።