«ፍሪ» ማለት ከምን ነጻ ማለት ነው?

የነጋዴ ሀብቱ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ የሚፈርምበትን ቃል ማወቁም ጭምር ነው። ከባሕር ማዶ በሚመጡ ሰነዶች ላይ ዘወትር ከሚታዩት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ፍሪ» የሚለው ነው። በቀፊራ ገበያ ባለሱቅ ለደንበኛው «ይህ ፍሪ ነው» ቢለው፣ የተመረቀለት ዕቃ መሆኑን የማይረዳ የለም። በውል ላይ ሲጻፍ ግን ቃሉ ስጦታን አያመለክትም፤ የወጪን ወሰን ያመለክታል እንጂ።

ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው ኢንኮተርምስ የተባለው ደንብ እየታደሰ መጥቶ፣ በ2020ው እትም ካሉት 11 ውሎች 3ቱ በዚህ ቃል ይጀምራሉ። ከነዚህም የታወቀው «ፍሪ ኦን ቦርድ»፣ ባጭሩ ኤፍ.ኦ.ቢ.፣ ነው። ትርጓሜውም ሻጩ ዕቃውን በተባለው ወደብ መርከብ ላይ እስኪጭን ድረስ ወጪውና ኀላፊነቱ የእርሱ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የመርከብ ኪራይ፣ ኢንሹራንሱ፣ የጅቡቲ ወደብ ወጪና እስከ ድሬዳዋ ያለው ማጓጓዣ የገዢው ነው። ይህን ዋጋ ኪራይና ኢንሹራንስ ከተጨመረበት የሲ.አይ.ኤፍ. ዋጋ ጋር አስተያይቶ «ርካሽ አገኘሁ» የሚል ነጋዴ፣ በወረቀት ያየውን ትርፍ በወደብ ያጣዋል።

ለኮንቴይነር የሚሰጠው «ፍሪ» ጊዜም እንደዚሁ ነው። ኪራይ የማይታሰብበት ለተወሰኑ ቀኖች ብቻ ነው፤ ቀኖቹ ካለፉ በኋላ ዲመሬጅ በየዕለቱ ይቈጠራል፤ ሰነድ ዘገየ ተብሎም አይቆምም።

በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተመረቀው ነጻ የንግድ ቀጠናም በዚሁ ቃል ተሰይሟል። በቀጠናው የገባ ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ሊከማች ይችላል፤ ወደ አገር ውስጥ ገበያ ሲወጣ ግን ቀረጡ ይጠየቃል። ከሕግና ከጉምሩክ ቍጥጥር ነጻ የሆነ ስፍራ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። የቃሉ ዘመድ የሆነው «ፍራንኮ ቫሉታ»ም ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠይቁ ዕቃ ማስገባት ነው እንጂ በራሱ ቀረጥን አያስቀርም።

በዚህ ረገድ አማርኛ ከእንግሊዝኛው የተሻለ መሣሪያ አለው። «ከቀረጥ ነጻ» በተባለ ጊዜ «ከ» የምትለው ፊደል ነጻነቱ ከምን እንደሆነ ወዲያው ታስታውቃለች። «ፍሪ» ብቻውን ሲቀመጥ፣ ወይም «ነጻ» ተብሎ ብቻ ሲተረጐም፣ ይህች ፊደል ስለምትጠፋ ስሕተት ይገባል።

ይህን የሚያውቅ ትራንዚተር አለ የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ትራንዚተሩ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። ትልቁ አስመጪ ስሕተቱን በሚቀጥለው ጭነት ሊያካክስ ይችላል፤ ያለውን ሁሉ በአንድ ኮንቴይነር ያዋለው ባለሱቅ ግን ከንግድ ይወጣል።

ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከደረሰላት ጀምሮ በልዩ ልዩ ቋንቋ ስትነግድ የኖረች ከተማ በአንድ ቃል ልትጐዳ አይገባትም። ስለዚህ ነጋዴው ከመፈረሙ በፊት «ፍሪ» በተጻፈበት ቦታ ሁሉ ከምን፣ እስከ የት፣ እስከ መቼ የሚለውን በአማርኛ አጠገቡ ያስጽፍ። የንግድ ማኅበራትም የእነዚህን ውሎች ትርጓሜ በአንድ ገጽ አዘጋጅተው ለአባሎቻቸው ቢያድሉ ታላቅ አገልግሎት ይሆናል። ነጻ ከተባለው ውጭ ያለውን የሚከፍል ሰው ምንጊዜም አለ፤ ማን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አያሳፍርም።