«ወፍ የለም» ያለው ማነው?

ሰሞኑን አንድ የአየር ጤና ልጅ አገኘኝና ብሶቱን ዘረገፈው። «ጋሼ፣ በዚህ ክረምት ፍቅረኛዬን የት ልውሰዳት? ካፌ ገብተን ማኪያቶ ይዘን መፋጠጥ ብቻ ሆነ። እሷ ሰለቸኝ ትላለች፣ የእኔም ኪስ ተራቁቷል። ሌላ መዝናኛ ብፈልግ ወፍ የለም!» አለኝ።

«ወፍማ አለ!» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ወገኖቼ፣ ከአየር ጤና ታክሲ ይዛችሁ በጦር ኃይሎችና በዊንጌት በኩል አስኮ፣ ከዚያም ቡራዩን አልፋችሁ በአምቦ መንገድ ገፈርሳ ግድብ አካባቢ ብትወርዱ፣ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣላትን ወፍ የማየት ዕድል አላችሁ። አቢሲኒያን ሎንግክሎው ትባላለች። ከኢትዮጵያ ደጋ ሣር ሜዳ በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም! ከጀርባዋ ሲያዩዋት ሣር የመሰለች ቡናማ ነገር ናት። ዞር ስትል ግን ጉሮሮዋ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው፤ ከሥሩም ጥቁር ሐብል ያሰረች ትመስላለች። ስሟን ያገኘችው ከኋላ ጣቷ ረጅም ጥፍር ነው። ታዲያ እንደ ልብ አትገኝም። ሜዳው እየታረሰና ቤት እየተሠራበት መኖሪያዋ እየጠበበ ነው።

አምና ነሐሴ ላይ ከአንዲት ወዳጄ ጋር ሄድን። ሁለት ሰዓት ሙሉ በጭቃ ስንንከራተት ምንም የለም። «ወፍህ ይቺው ናት?» ብላ ሳቀችብኝ። ወንድነቴ ተነካና ሣሩን እየጣስኩ ገባሁ። ድንገት ከእግሬ ሥር አንዲት ወፍ ቱር አለች! ምን ዓይነት እንደሆነች እንኳ አለየኋትም። ጎንበስ ስል ሣር ውስጥ ጎጆ፣ ጎጆው ውስጥ እንቁላል። አንድ እርምጃ ብጨምር ኖሮ ጨፍልቄው ነበር። ላብ አሰመጠኝ።

«ቀስ ብለህ በመጣህበት ተመለስ» አለችኝ። ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ዝም ብለን ተቀመጥን። እናቲቱ ተመልሳ ሣሩ ውስጥ ስትገባ ሁለታችንም ተነፈስን። ብዙም ሳይቆይ ባለ ሐብሏ ጉብታ ላይ ወጥታ መዘመር ጀመረች። ሳሳድዳት ያጣኋትን ቁጭ ብዬ አገኘኋት!

እንግዲህ ለምትሄዱ ምክሬን ልለግስ። ጠዋት በማለዳ ሂዱ፤ ከሰዓት ዝናቡ አያስቆምም። ቦቲ ጫማና የዝናብ ልብስ አትርሱ። ባይኖኩላር ካላችሁ እሰየው። ጥበቃውንም ባለ መሬቱንም አስፈቅዱ። ከሁሉ በላይ የሜዳውን ዳር ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ሣሩ ውስጥ አትግቡ።

በተለይ ረግረግ ውስጥ! ከሆለታ አለፍ ብሎ በርጋ በሚባለው ረግረግ፣ ክረምት ላይ ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል የምትባል ድንቢጥ የምታህል ወፍ ትፈለፍላለች። በዓለም ላይ እንደምትራባ የተረጋገጠው በአገራችንና፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው። ለአቅመ መራባት የደረሱት በሙሉ ቢቆጠሩ 250 እንደማይሞሉ ይገመታል። እኔ በገፈርሳ ያነሳሁት ያ እግር እዚያ ቢያርፍ ኖሮስ? እሷንስ አለማየትም መውደድ ነው።

አንተም የአየር ጤናው ልጅ፣ ልጅቱን ይዘሃት ውጣ። ካፌ ውስጥ ፊት ለፊት ከመፋጠጥ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ አንድ ነገር መጠበቅ ይሻላል። ወፍ ካጣህ ናና ውቀሰኝ።

ቸር እንሰንብት!