ቧንቧ ያስገባ ሁሉ ከፓምፑ ማኅበር አይውጣ

የጎጃም ምድር ውኃ የተነፈገ ምድር አይደለም። ከሰከላ ከፍታዎች የሚነሣው ግልገል አባይ በወተት አባይ በኩል አልፎ ወደ ጣና ይገባል፤ ወደ ሐይቁ ከሚፈሱት ወንዞችም ትልቁ እርሱ ነው። ገባሩ ቆጋ መራዊ አጠገብ ተገድቦ 7 ሺህ ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ ታቅዷል። ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላና እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ዱርቤቴም የተቀመጠችው በዚሁ ዝናም በማይጎድለው ምድር ላይ ነው። እንግዲህ በዚህ አካባቢ የውኃ ችግር አለ ሲባል መንስኤው የተፈጥሮ ንፉግነት አለመሆኑ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባዋል። ጥያቄው ውኃውን ከምድር አውጥቶ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የማድረስ፣ ከደረሰም በኋላ እንዳይቋረጥ የመጠበቅ ጥያቄ ነው፤ በሌላ አነጋገር የአደረጃጀት ጥያቄ ነው።

ዱርቤቴን በመሳሰሉ አነስተኛ ከተሞቻችን የሚታየውን ሂደት ጥቂት እንመርምር። በመጀመሪያ በሠፈሩ የጋራ ጉድጓድ ይቆፈርና የእጅ ፓምፕ ይተከልበታል፤ ወይም ቦኖ ይቆማል። ነዋሪው ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ጉልበቱን ያዋጣል፣ ኮሚቴ ይመርጣል፣ ቁልፉን ለዘበኛ ያስረክባል። ዓመታት አልፈው የቧንቧ መሥመር ሲዘረጋ ግን አቅም ያለው ቤተሰብ ቆጣሪ ያስገባል። ይህ በራሱ የሚያስወቅስ አይደለም፤ እንዲያውም ለሁሉም የምንመኘው ይኸንኑ ነው። የሚያስወቅሰው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ቆጣሪ ያስገባው አባል ለፓምፑ የሚያዋጣውን ያቋርጣል፤ ከስብሰባም ይቀራል። ብዙውን ጊዜ ይህ አባል መምህር፣ ነጋዴ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ፣ ማለትም ሒሳብ መያዝና ማመልከቻ መጻፍ የሚችለው፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤትም ቃሉ የሚሰማለት ሰው ነው። ስለዚህ ከማኅበሩ የሚወጣው አንድ መዋጮ ብቻ አይደለም፤ ድምፅም አብሮ ይወጣል። በፓምፑ ዙሪያ የሚቀሩት ተከራዩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጠላ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድገው እናት ናቸው። የፓምፑ ጎማ ያለቀ ዕለት የሚጮኽላቸው አይገኝም።

ስለዚህ ጎማ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ትልቁ ነገር የተንጠለጠለው በዚህ ትንሽ ነገር ላይ ነውና። በአገራችን በብዛት የሚታየው የእጅ ፓምፕ አፍሪዴቭ የተባለው ነው። ይህ ፓምፕ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ1981 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ የመጠጥ ውኃና የንጽሕና ዐሥር ዓመት ብሎ በሰየመው ዘመን በማላዊና በኬንያ እየተሞከረ የተቀረጸ ነው። የቀራጮቹ ዓላማ ግልጽ ነበር፦ ማንሻ የጫነ መኪና ይዞ ከሩቅ የሚመጣ መካኒክ ሳይጠበቅ የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው። በመሆኑም ውኃው የሚወጣበት ቱቦ ከጉድጓዱ ሳይነቀል፣ ፒስተኑ በዘንጉ ተስቦ ብቻ ይወጣል፤ ለሥራው ጥቂት ቀላል መፍቻ ይበቃል። እስከ 45 ሜትር ከሚጠጋ ጥልቀት ውኃ ይስባል። በአገልግሎት ብዛት የሚያልቁትም በፒስተኑ ላይ ያለው ጎማና እጀታው የሚንቀሳቀስባቸው የፕላስቲክ ኩሽኔታዎች ናቸው።

ቀራጮቹ ያላሰቡለት ነገር ቢኖር ጎማው የሚሸጥበት ሱቅ ነው። በአንድ ወረዳ ያሉት ፓምፖች በዓመት የሚፈልጉት መለዋወጫ ጥቂት ስለሆነ፣ ለትርፍ የሚሠራ ባለሱቅ ገንዘቡን በእርሱ ላይ አያስርም። ርካሹ ዕቃ ጠፍቶ ውዱ ጉድጓድ የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የውኃና የንጽሕና ቆጠራ ከገጠር የውኃ ተቋማት ውስጥ አንድ አራተኛ ያህሉ አገልግሎት የማይሰጡ ሆነው ተገኝተዋል። ከእነዚህ መካከል ውኃቸው የነጠፈ ይኖራሉ፤ ጎማ ብቻ ሲጠብቁ የከረሙም አሉ።

«የቧንቧ መሥመር ከተዘረጋ በኋላ የእጅ ፓምፕ ምን ይሠራል? ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው» የሚሉ አልታጡም። ይህ አስተሳሰብ ተጨባጩን ሁኔታ ያላገናዘበ በመሆኑ መታረም አለበት። የአነስተኛ ከተሞች የቧንቧ ውኃ ባብዛኛው ከጥልቅ ጉድጓድ በኤሌክትሪክ ኃይል ተስቦ ወደ ማጠራቀሚያ የሚወጣ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ለጄኔሬተሩም ነዳጅ ሲታጣ ማጠራቀሚያው ይነጥፋል። ያን ጊዜ ባለቆጣሪውም ጄሪካኑን ይዞ የናቀውን ፓምፕ ደጅ ይጠናል። በተለይም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ሳቢያ መንገዶች በተደጋጋሚ ሲዘጉ፣ ከሌላ ቦታ የሚጠበቅ ነዳጅ፣ መለዋወጫና መካኒክ የቱን ያህል የማያስተማምን መሆኑ በግልጽ ታይቷል። የእጅ ፓምፑ ግን የሚፈልገው ክንድ ነው፤ ክንድ ደግሞ ከሠፈር አይጠፋም።

ከዚህም በላይ የዋጋው ጉዳይ አለ፤ ሠራተኛው ክፍል በተለይ ሊያስብበት የሚገባውም ይህ ነው። ቆጣሪ የሌለው ቤተሰብ ያለ ውኃ አይኖርምና ከጎረቤት በጄሪካን ይገዛል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ባለ20 ሊትሩን ጄሪካን 50 ጊዜ ይሞላል። አንዱ ጄሪካን በአንድ ብር ብቻ ተሸጠ ብንል እንኳ ገዢው ለሜትር ኩቡ 50 ብር ከፈለ ማለት ነው። ባለቆጣሪ አንባቢዎቻችን የወር ደረሰኛቸውን አውጥተው ከዚህ ጋር ያስተያዩት። በብዙ ከተሞች ደግሞ ታሪፉ የተሠራው ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሜትር ኩቡም ዋጋ እየጨመረ እንዲሄድ ተደርጎ ነው። የታሰበው ለድሃው ነበር፤ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ የሚቀዳው ጥቂት ይክፈል፣ አትክልት የሚያጠጣውና መኪና የሚያጥበው ብዙ ይክፈል በሚል ነው። ዳሩ ግን ድሃው የራሱ ቆጣሪ የለውም። በአንድ ግቢ ስድስት ተከራይ ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ፣ እያንዳንዳቸው በወር ሁለት ሜትር ኩብ ብቻ ቢቀዱ እንኳ ቆጣሪው 12 ያነባል። ስድስት ድሃ ቤተሰብ እንደ አንድ ባለጸጋ ተቆጥሮ ከፍ ባለው እርከን ይከፍላል። ይህን ቅራኔ ቢሮ ተቀምጦ የቆጣሪ ንባብ የሚመዘግብ ሠራተኛ ሊያየው አይችልም። በግቢው ውስጥ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር የሚያውቀው የሠፈሩ ማኅበር ነው።

በገጠሩ በኩል ያለው ሸክም ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ በጀርባ ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ያስቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ የሚል ነበር። አምስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ ይህ 125 ሊትር፣ ማለትም ከስድስት ጄሪካን በላይ ነው። ፓምፑ በትክክል አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን፣ ስድስት ጊዜ የተመላለሰች እናት በቀን 12 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ግማሹን መንገድ 20 ኪሎ ተሸክማ። መለኪያው ተሟልቷል ተብሎ በሪፖርት የሚጻፈው ይህ ነው! በተግባር ግን ማንም ቤተሰብ ይህን ያህል አይመላለስም፤ ሁለትና ሦስት ጄሪካን ቀድቶ በዚያው ይብቃቃል፤ የሚቀረው መታጠቡና ልብስ ማጠቡ ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከከተማ ቤተሰቦች 97 ከመቶው ከተሻሻለ የውኃ ምንጭ ሲጠቀሙ በገጠር ግን 57 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

አደረጃጀት ይህን ሁኔታ ሊለውጥ እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማራ ክልል የተካሄደው የገጠር ውኃና አካባቢ ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ አሠራሩን ለውጦ ነበር። ገንዘቡ በመሥሪያ ቤት እጅ መቆየቱ ቀርቶ፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ በሆነው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ተጠቃሚው ሕዝብ ለመረጠው ኮሚቴ ይሰጥ ጀመር። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው፣ ከወጪው ቢያንስ 15 ከመቶውን በገንዘብም በጉልበትም የሚሸፍነው ኮሚቴው ራሱ ነበር። ለጥገና የሚሆን ቁጠባም ከግንባታው አስቀድሞ እንዲከፈት ይደረግ ነበር። ሲሚንቶውን የገዛ ሰው የፓምፑ መሰበር ይገደዋል። በአጎራባቹ ዳንግላ ወረዳም ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ አርሶ አደሮች የዝናሙን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውኃ ጥልቀት ራሳቸው እየለኩ ለተመራማሪዎች መዝገብ አቅርበዋል። ገበሬው ውኃውን ሊለካ አይችልም ይባል ለነበረው መልስ ይህ ነው።

የከተማው ነዋሪም ቢሆን ለዚህ እንግዳ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ የብዙ ሠፈሮችን ቦኖ ያስተዳድሩ የነበሩት ቀበሌዎች ናቸው። ቀበሌ የአስተዳደር እርከን እየሆነ በሄደ መጠን ግን ማኅበርነቱ ሳስቷል፤ ሣጥኑ ወደ ጽሕፈት ቤት ገባ፣ ሒሳቡ በአደባባይ መነበቡ ቀረ። መዋጮ ማቋረጥ የለመደውን አባል ስንወቅስ ይህንንም ሳንሸሽግ መናገር አለብን። ገንዘቡ የት እንደደረሰ ያልተነገረው ሰው አልከፍልም ቢል የሚያስገርም አይሆንም።

ይህ ሲባል የእጅ ፓምፕ እስከ መጨረሻው ይበቃናል ማለታችን አይደለም። ቤቶች በተጨናነቁበት ሠፈር የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውኃው ጉድጓድ 30 ሜትር መራቁ እያጠያየቀ ሲሄድ ጥልቀት የሌለው ውኃ ለብክለት ይጋለጣል። እንዲህ ያለው ጉድጓድ በጤና ባለሙያ ሊመረመርና በክሎሪን ሊታከም፣ ካስፈለገም ለመጠጥ እንዳይውል ሊደረግ ይገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ሁሉም ኢትዮጵያዊ ንጹሕ ውኃ እንዲያገኝ ፖሊሲዎች ያለሙ ዘንድ ያዝዛል፤ የጉዞው መድረሻም በየቤቱ የሚንቆረቆር ቧንቧ ነው። ነገር ግን የመጨረሻው ተከራይ ቧንቧ እስኪያገኝ ድረስ ፓምፑና ቦኖው የሁሉም ናቸው፤ ባለቆጣሪው በስብሰባው ላይ ወንበር፣ በመዝገቡ ላይም ስም ሊኖረው ግድ ነው።

ስለሆነም የየሠፈሩ የውኃ ኮሚቴዎች ለየብቻ ጎማ ከማፈላለግ ይልቅ ገንዘባቸውን አስተባብረው ለወረዳው ሁሉ የሚበቃ መለዋወጫ በአንድ ቦታ ያስቀምጡ። የገንዘብ ያዥነቱም ሆነ የመፍቻው ሥራ በየቀኑ ፓምፑን ለሚጎበኙት ለሴቶች ይሰጥ፤ ለስም ያህል ሳይሆን ሠልጥነው ፒስተኑን ስበው እንዲያወጡ። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ግቢዎች ተቆጥረው የቤተሰቦቻቸው ብዛት ለውኃ አገልግሎቱ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ክፍያቸውም በቤተሰብ ተካፍሎ እንዲሰላ ይጠየቅ። በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ደግሞ ባለቆጣሪዎቹ ጭምር ተጠርተው በተቀመጡበት የፓምፑ ሒሳብ ይነበብ፤ በሣጥኑ ያለው ገንዘብ ስንት ጎማ እንደሚገዛም ይነገር።