ማን ባረከው? ማንስ መረመረው?

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ዕለት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሥጋ ቤት ገባን። (ስሙን አልጠራም፤ ገና ልበላበት እፈልጋለሁ።) ሥጋ ቆራጩ ነጭ ጋውኑን ለብሶ (ነጭ የነበረውን ማለቴ ነው) ቢላውን በሞረድ እያፋጨ “ምን ላድርግላችሁ ወንድምዓለም?” አለን። ጓደኛዬ “ከጎድኑም ከሽንጡም ጣል አድርግበት” ብሎ ግማሽ ኪሎ ቁርጥ፣ ግማሽ ኪሎ ጥብስ አዘዘ። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ “ጋሼ፣ የቄራው ማኅተም የቱ ላይ ነው?” አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ቢላው ሞረዱ ላይ ቆመ። “ከመንግሥት ነው የመጣኸው?” አለኝ። “ኧረ ለመብላት ነው የመጣሁት” አልኩት። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ “ይኼ ልጅ የሚፈልገው ሥጋ አይደለም፣ የበሬውን የልደት ካርድ ነው!” አሉና ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ!

በኋላ የከነከነኝ ግን ሳቁ አይደለም። ከእኛ ቀድማ የገባች አንዲት ልጅ “የክርስቲያን ነው አይደል?” ብላ ጠይቃ ነበር። ማንም አልሳቀባትም። ሥጋ ቆራጩ በትሕትና “አዎ እህትዓለም፣ መስቀሉን አላየሽውም?” ብሎ በሩ ላይ የተለጠፈውን አሳያት። ሁለታችንም ስለዚያው ሥጋ ነው የጠየቅነው። እሷ “ማን ባረከው?” ብላ መልስ አገኘች። እኔ “ማን መረመረው?” ብዬ መሳቂያ ሆንኩ።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነው። እኛ የጎንደር ልጆች ሥጋ ስንገዛ ስለ እምነታችን ጠንቃቆች፣ ስለ ሆዳችን ግን ግድየለሾች ነን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ “ማን ባረከው” የሚለው ጥያቄ ይቅር እያልኩ አይደለም። ይህ ጥያቄ ከተማችን ውስጥ ሥሩ ጥልቅ ነው። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ጉባኤ ጠርተው ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲቀመጡ አዘዋል። አዲስ ዓለም የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ የጸናው ከዚህ ታሪክ ጋር ተያይዞ ነው። ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤሎችም ወደ እስራኤል እስከሄዱበት ጊዜ ድረስ ሌላው ያረደውን አይቀምሱም ነበር። ሦስቱ ሃይማኖቶች አንዱ የሌላውን እርድ አይበሉ እንጂ በአንድ ነገር ግን ተስማምተው ኖረዋል፦ አሳማ አንነካም! (ጎንደር ላይ ያለ ስብሰባ፣ ያለ አበልና ያለ ቃለ ጉባኤ የተደረሰ ብቸኛው ስምምነት ሳይሆን አይቀርም።) በነገራችን ላይ አፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ አሳማ የማንበላው እንደ አይሁድ ሕገ ኦሪት ስለሚያስገድደን አይደለም፣ የበላውን አንጸየፍም፣ ያልበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም የሚል ሐሳብ አስፍረዋል። ከ400 ዓመት በላይ ያለፈው ንጉሥ ከአንዳንድ የዘመናችን ሰዎች ይልቅ ሰፋ ያለ ልብ ነበራቸው ያሰኛል።

እኛም በአቅማችን ልምዱን አቻችለን እንኖራለን። ከወሎ የመጣ ሙስሊም ጓደኛ አለን። አብረን ስንወጣ ወይ ሽሮ እናዛለን፣ ወይ ከጎርጎራ የመጣ ዓሣ እናስጠብሳለን። ዓሣ ባራኪ አይፈልግምና የጣና ዓሣ ስንቱን ጓደኝነት አትርፏል! ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይቆይልን። እኔ የምለው ሁለተኛው ይጨመርበት ነው።

ጥሬ ሥጋችን ዓለምን ካስገረመ ቆይቷል። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ አገሩ ተመልሶ “ኢትዮጵያውያን ሥጋ በጥሬው ይበላሉ” ብሎ ሲያወራ ለንደን ውስጥ ቀጣፊ ተባለ። መጽሐፉን በ1790 እ.ኤ.አ. ካሳተመ በኋላም ያላመኑት ብዙ ነበሩ። እኛ ግን ይህን ስናነብ “እና ምን ይጠበስ?” ነው የምንለው። ለቁርጥ እኮ አይጠበስም!

ከቁርጡ ጋር አብሮ የሚመጣውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በአደባባይ አናወራውም እንጂ። ኮሶ! አያቶቻችን ለትሉም፣ መድኃኒት ለሚሆነው ዛፍም አንድ ስም ሰጥተው ነበር የሚኖሩት። ዛፉ በሰሜን ተራሮች ዛሬም አለ። አበባውን ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው ይጠጡና ቀኑን ሙሉ ቤታቸውን ዘግተው ይውላሉ። “ኮሶ ጠጥቶ ነው” ማለት እንግዳ ላለመቀበል በቂ ምክንያት ነበር። ዛሬ በዛፉ ቦታ የፋርማሲ ኪኒን ተተካ እንጂ ልማዱ ያው ነው፤ በልቶ መዋጥ፣ ውጦ መብላት።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል። እንቁላሉ ሣር ላይ ይቀራል። በሬው ሣሩን ይግጣል። እንቁላሉ በበሬው ሥጋ ውስጥ ውኃ የቋጠረች ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ያንን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው ሆድ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል። የቄራው ሐኪም ምላሱን፣ ልቡን፣ ጡንቻውን በቢላ እየሰነጠቀ የሚያየው ይህችን ከረጢት ፍለጋ ነው። ሐኪም ሁሉንም ያገኛል ማለት አይደለም፤ ከረጢቷ ትንሽ ናት፣ ታመልጣለች። ሆኖም አንድ ዓይን ካየው ሥጋና ማንም ካላየው ሥጋ የቱ እንደሚሻል ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ዩኒቨርሲቲ ካልን አይቀር፣ ጎንደር ይህን ባለማወቅ ልትታማ የማይገባት ከተማ ናት። የጤና ኮሌጁ የተቋቋመው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። የእንስሳት ሕክምና ትምህርትም አላት። ተማሪዎቹ ቄራ እየገቡ በየበሬው ሥጋ ውስጥ ያገኙትን ከረጢት ቆጥረው መመረቂያ ጽሑፍ ይሠሩበታል። ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። ልጁ ይመረቃል። ከዚያ በደስታው ቀን ጓደኞቹን ሰብስቦ ቁርጥ ይጋብዛል! (እኔም ተጋብዤ በልቻለሁ፤ ጥፋቱን ልጁ ላይ ብቻ አላላክም።)

ኮሶ ያሳቅቃል እንጂ ብዙ ጊዜ አይገድልም ትሉ ይሆናል። አባ ሰንጋ ግን ይገድላል። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ክረምቱን ዳባት ገጠር ዘመዶቻችን ዘንድ ነበርኩ። አንድ ማለዳ የጎረቤት በሬ ሞቶ ተገኘ። ሰውዬው ግንባሩን ይዞ በሬው አጠገብ መቀመጡ ትዝ ይለኛል። ደጋ ላይ አንድ በሬ ማለት የዓመት እርሻ ነው። እሱ ሞቶ ሥጋው ደግሞ ለጅብ ይጣል ማለት ሁለት ጊዜ መክሰር ነው። ስለዚህ ተገፈፈ፣ ተመደበ፣ መንደሩ ሰውዬውን ለመደገፍ ሲል ገዛው። በሳምንቱ ቆዳውን ከገፈፉት አንዱ ክንዱ ላይ መሐሉ ጥቁር የሆነ ቁስል ወጣበት። አያምም፣ ግን ያብጣል። በቃሬዛ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ በአይሱዙ ጎንደር ሆስፒታል ደረሰ። መርፌ ተወግቶ ዳነ። ሐኪሙ “ሁለት ቀን ብትቆዩ ኖሮ” አለ አሉ። አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ያንን መንደር ልወቅሰው አልችልም። እነሱ መጠየቅ አቅቷቸው ሳይሆን መልሱን መሸከም አቅቷቸው ነው። “ይህ ሥጋ ታሟል፣ ቅበሩት” የሚላቸው ሐኪም ቢመጣ እንኳ የበሬውን ዋጋ ማን ይከፍላቸዋል? መጠየቅም አቅም ይፈልጋል። ፒያሳ ተቀምጠን ለቁርጥ ገንዘብ የምናወጣ እኛ ግን አቅሙ አለን። የጎደለን ድፍረቱ ነው።

ድፍረት ስል ሳን ሆዜ ያለችው አክስቴ ትዝ አለችኝ። ከምትሠራበት ሕንፃ ጎን የቬትናሞች ሱቅ አለ። ሱቁ የሚታወቀው ቻ ሉዋ በሚሉት ምግብ ነው። የአሳማ ሥጋ እስኪልም ተወቅጦ፣ በዓሣ መረቅ ተቀምሞ፣ እኛ ድፎ ዳቦን በኮባ እንደምንጠቀልለው በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀቀላል። አክስቴ አሳማ አትነካም፤ በቅዳሜ ጠዋቱ ወረፋ ግን ትደነቃለች። አሮጊቶቹ ከመክፈላቸው በፊት ጥቅሉን ይጫኑታል፣ ያሸቱታል፣ “ዛሬ ነው የተሠራ ትናንት?” ብለው ይጠይቃሉ። ሻጩም አይቆጣም። እንዲያውም የማይጠይቅ ገዢ ሲመጣ “ይኼ እንግዳ ነው” የሚል ይመስላል ትላለች።

እነዚያ አሮጊቶች እንዲሁ ተጠራጣሪ ሆነው አልተወለዱም። ቬትናም ውስጥ አንዳንድ ሻጮች ምግቡ ጠንከር እንዲልና ቶሎ እንዳይበላሽ ቦራክስ የሚባል ኬሚካል ይጨምሩበት ነበር። የጤና ሚኒስቴራቸው ከለከለ። ክልከላው ብቻውን ግን አልበቃም። ስለዚህ ሰዉ የራሱን ዘዴ ያዘ፤ በእርድ የተነከረ ቢጫ ወረቀት ምግቡ ላይ ሲለጠፍ ወደ ቀይ ከተለወጠ ቦራክስ አለበት ማለት ነው። እነሱ እርድን በእርድ ሲመረምሩ እኛ እርዱንም ሳናይ፣ እርዱንም ለወጥ ብቻ አስቀርተነዋል!

እኛ ዘንድ ደግሞ ከምርመራው ሌላ ሚዛኑም አለ። ያለፈው ዓመት ለፋሲካ እናቴ ሁለት ኪሎ ሥጋ ግዛ ብላ ላከችኝ። (ከሌላ ሥጋ ቤት ነው።) ቤት ስደርስ በእጇ መዘን መዘን አደረገችና “ይኼ ሁለት ኪሎ አይሞላም” አለች። የጎረቤት ባለ ሱቅ ሚዛን ላይ ስናወጣው አንድ ኪሎ ከሰባት ሆኖ ተገኘ፤ ያውም አጥንቱ ተቆጥሮ። “ተመልሰህ ጠይቅ” አለችኝ። አልተመለስኩም። አፈርኩ። ሦስት መቶ ግራም ተወስዶብኝ ያፈርኩት እኔ ነኝ! ይህ ሐፍረት ከየት እንደመጣ እስካሁን አስባለሁ። ይመስለኛል ሥጋ ቤት ውስጥ ራሳችንን የምናየው እንደ ገዢ ሳይሆን እንደ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ የቀረበለትን አይመረምርም፣ ነውር ነው።

እኛ ግን እንግዶች አይደለንም፣ ከፍለናል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ጥራቱን አይቶ ወይም ዋጋ ተከራክሮ ባለመግዛቱም ያለመገደድ መብት እንዳለው ደንግጓል። አዋጁ ግን ቢላ ይዞ ሥጋ ቤት አይገባም። ሥጋ ቤት የምንገባው እኛ ነን።

“ምን ይደረግ?” ለምትሉኝ፦ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ነገር ብቻ እንጠይቅ። የት ታረደ? መቼ ታረደ? ማኅተሙን ታሳየኛለህ? ሥጋው ሲመዘን ደግሞ ባዶው ሚዛን ዜሮ ላይ መቆሙን እንይ። ለበዓል ቅርጫ የምትገቡ፣ በሬው ግቢ ውስጥ ነው የሚታረደው፣ ማኅተም የሚባል ነገር የለም። የታመመ የመሰለውን፣ ሳይታረድ የሞተውን በርካሽ አትግዙ፤ ያልተመረመረውን ሥጋ ደግሞ አብስሉት። ጥብስም እኮ ምግብ ነው። ዩኒቨርሲቲያችንም በፋሲካና በገና ዋዜማ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎቹን ወደ ቅዳሜ ገበያ ቢልክልን፣ የቅርጫ ማኅበራትም ለአንድ ሐኪም ትንሽ ቢያዋጡ ከተማው ይጠቀማል፣ ልጆቹም ይለማመዳሉ።

አውቃለሁ፣ “ሰንጋው ሰማይ በወጣበት ዘመን ጭራሽ ጥያቄ?” የሚል ይኖራል። እኔ ደግሞ የምለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰንጋ ሲወደድ ከቄራ ውጭ የታረደ ርካሽ ሥጋ ያጓጓል። ከቄራ አሳርዶ፣ ከፍሎና አስመርምሮ የሚሸጠው ሐቀኛ ሥጋ ቆራጭ ደግሞ ከዚያኛው ጋር በዋጋ መወዳደር አይችልም። የሚያድነው “ማኅተሙን አሳየኝ” የሚል ደንበኛ ብቻ ነው። ዝም ስንል የምንጎዳው ራሳችንን ብቻ ሳይሆን እሱንም ነው።

ወደ ሥጋ ቤቱ ልመልሳችሁ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ሥጋ ቆራጩ ከመንጠቆው ላይ ጭኑን ገልበጥ አድርጎ ሐምራዊውን ማኅተም አሳየኝ። “ይኸው፣ አየኸው?” አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ ቁርጡን እያቀረበልን ዝቅ ባለ ድምፅ “እኔ ይህን ሥራ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም” አለኝ።

ባለፈው እሁድ በዚያ በኩል ሳልፍ ጭኑ ማኅተሙ ወደ መንገድ ዞሮ ተሰቅሏል። ለእኔ ብሎ ይሁን በአጋጣሚ አላውቅም። ስትገቡ እናንተ ጠይቁት።