ከጠመንጃው በፊት ጥይቱን

ጠመንጃ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአያት ምንሽር ነው። አሜሪካ ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ግን ነገሩ በሌላ በር ሊመጣባቸው ይችላል። ልጅት ከትምህርት ቤት ተመልሳ “የዒላማ ተኩስ ቡድን ልገባ ነው” ትላለች። ከመደንገጥዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ፤ በዚያ አገር የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና ሴትና ወንድ በአንድ መስመር ቆመው የሚፎካከሩበት ስፖርት ነው። ጂኒ ትራሸር የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ በአየር ጠመንጃ የዚያን ኦሊምፒክ የመጀመሪያ ወርቅ ወስዳለች። ያኔ 19 ዓመቷ ነበር።

ከአየር ጠመንጃው ቀጥሎ የሚመጣው ባለ 0.22 ካሊበሩ ነው። ወላጅ ኪሱን የሚዳብሰውም እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ውድ ጠመንጃ፣ ውድ መነጽር፣ ውድ ሰደፍ ይደረድርልዎታል። እኔ ግን መጀመሪያ ጥይቱን እላለሁ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የዚህ ጥይት መለኮሻ ያለው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው፤ መርፌው ጠርዙን ሲመታ ይቀጣጠላል። ቀለሁም ጠርዙ ስለሚጨፈለቅ እንደ ትልልቆቹ እቤት ተሞልቶ ዳግም አይተኮስም። ስለዚህ ተኳሹ የፋብሪካው እጅ ላይ ነው። እርሳሷ 2.6 ግራም ገደማ ናት፤ የውድድር ጥይት ከድምፅ ፍጥነት በታች፣ በሰከንድ 325 ሜትር አካባቢ ትበራለች። ከሁለት ጥይቶች አንዱ በ10 ሜትር ቢዘገይ 50 ሜትር ላይ ወደ 7 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ይመታል። የኦሊምፒኩ የ50 ሜትር ዒላማ 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው!

መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። ከተለያዩ የምርት ቁጥሮች አንድ አንድ ፓኬት ይግዙ፤ ጠመንጃው በድጋፍ ላይ ተቀምጦ ከእያንዳንዱ አሥር አሥር ጥይት ደጋግማ ትተኩስ፤ ከዚያ ቀዳዳዎቹ የተጠጋጉለትን ይምረጡና ያንኑ የምርት ቁጥር በርከት አድርገው ይግዙ። ስሙ አንድ ሆኖ ቁጥሩ የተለየ ፓኬት ሌላ ጥይት ነው ብለው ይያዙት። ዓይነት ሲቀየር የቀድሞው ሰምና እርሳስ አፈሙዙ ውስጥ ስለሚቀር፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ተኩሶች አይቁጠሯቸው።

ሌላው ማስተካከያ ቀላል ነው። ብረቱን ከሰደፉ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጥበቁ፤ እዚህ ላይ የእጅ ግምት አያዋጣም። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ማስተካከያ ክብደት ለጀማሪ ገና ነው። የሰደፉ ርዝመት ግን ልጅት ባደገች ቁጥር ይታይ፤ ልክ ካልሆነ አንገቷን እያጣመመች ትለምደዋለች።

ጠመንጃው ባዶውን ቁልፍ ባለው የብረት ሳጥን፣ ጥይቱ በሌላ ሳጥን ይቀመጥ፤ ቁልፉ ከወላጅ እጅ አይውጣ። ጆሮና ዓይን መሸፈኛ ያለ ድርድር ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው የእርሳሱን ብናኝ ነው፤ በተለይ በቤት ውስጥ ተኩስ ቦታ ከእጅና ከልብስ ጋር ወደ ቤት ይመጣል። ልጅት ከልምምድ ስትመለስ ምግብ ከመንካቷ በፊት በሳሙና ትታጠብ፣ ልብሷ ለብቻው ይታጠብ፣ ጫማዋም ሕፃን ከሚድህበት ምንጣፍ ይራቅ።